እገዛ አልጠየቅሁም

ሰውየው ጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ የደንበኛ ስልክ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነበር። ፕሮግራሙ ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ ሪፖርት፣ ሲበዛም መጽሐፍ የሚጻፍበት ነው። ሰዎች የሚደውሉት አንድም ተናደው አንድም ደንግጠው ነው፤ የእሱ የመጀመሪያ ቃል ግን ለሁሉም አንድ ነበረች፦ «ቀስ ይበሉ፣ አብረን እናየዋለን።» ከዚህ የተነሳ ባልደረቦቹ «ቀስበሉ» አሉት፤ በዚያው ጸደቀ። አዲስ የሚቀጠሩ ሠራተኞች እናትና አባቱ ያወጡለት ስም እየመሰላቸው «ለአቶ ቀስበሉ» ብለው ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። እሱም አያርማቸውም።

ቀስበሉ አንድ ልማድ ነበረው። ደንበኛው ችግሩን ሲነግረው፣ ከአፉ የወጣውን ቃል እንዳለ በደብተር ያሰፍራል። መመሪያው እንዲጽፍ የሚያዘው «የፊደል መጠን ጥያቄ» ብሎ ነው። እሱ ግን ከጎኑ «ፊደሉ ጉንዳን ሆነብኝ» ይላል። «መስመሩ አልወርድ ብሎ ወደ ጎን ሄደ ሄደና ጠፋ።» «ትናንት የጻፍኩት ዛሬ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለ።» «ወረቀቱ ጠቆረብኝ፤ እኔ እኮ እጄን አላሳረፍኩበትም!» እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ደብተር ሞላ። ለምን እንደሚጽፍ ሲጠይቁት «ደስ ይሉኛል» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራው።

«ተቀመጥ» አለው። «የእገዛ ገጾቹን የምትሠራልን ባልደረባችን ለማስተማር ሄዳለች። አዲሱ እትም ሊወጣ ደግሞ ስምንት ሳምንት ነው የቀረው። መቶ አሥራ ሁለት ማስተካከያ አለው። ፊደሉን፣ ቀለሙን፣ ኪቦርዱን፣ ሴቭ አደራረጉን፣ ሁሉን ሰው እንደ ልቡ መቀየር ይችላል። የሚቀይር ግን የለም! መቶ ሰው ብትጠይቅ ዘጠና አምስቱ እኛ እንደሰጠነው ነው የሚጠቀመው። ለምንድነው?»

«ስለማያገኙት ነው» አለ ቀስበሉ። «ያገኙትም ስለሚፈሩት።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ። «ይኸው! ሦስት ስብሰባ ተቀምጬ እንዲህ ቁርጥ አድርጎ የመለሰልኝ የለም። በል ከዛሬ ጀምሮ ስልኩን ለሌላ ሰው ተው። የማስተካከያዎቹን እገዛ የምትሠራው አንተ ነህ።»

ቀስበሉ ከሦስተኛ ፎቅ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወረደ። ከታች ከደረሰ በኋላ የሥራ ጠረጴዛው እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑ ትዝ አለውና፣ ዘበኛው እየሳቀበት ተመልሶ ወጣ።

ሚስቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ወሬውን ስትሰማ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ቀጥሎ ግን ወዲያው፣ «ለእማዬ ራስህ ትነግራታለህ» አለችው።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አማቱ ሠላሳ አራት ዓመት የፍርድ ቤት ታይፒስት የነበሩ፣ ወገባቸው እስከ ዛሬ ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ዳኛው ተናግሮ ሳይጨርስ ወረቀቱ ተጽፎ ይጠብቀዋል እየተባለ ይወራላቸው ነበር። ለሥራ ያላቸው ሚዛን ከባድ ነው። በሠርጉ ማግስት እንግዳ በተሰበሰበበት፣ «ልጄ፣ ስልኩን ካነሳህ በኋላ ግን ሥራህ ምንድነው?» ብለው ጠይቀውታል። ምንም ክፋት አልነበረበትም፤ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ነው። እሱ ግን እስከ ዛሬ ሲያስታውሰው ጆሮው ይግላል። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል መከባበር እንጂ ጨዋታ አልነበረም። «እንዴት ዋሉ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» አለቀ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቀስበሉ እንደ ንብ ሠራ። የድሮው እገዛ አጻጻፉ እንዲህ ነበር፦ «ይህ አማራጭ ሲነቃ የመስመር መጠቅለያ ተግባርን ያስችላል።» እሱ ይህንን አውጥቶ ጣለና፣ «መስመሩ የገጹ ጠርዝ ሲደርስ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል» ብሎ ጻፈ። መቶ አሥራ ሁለቱንም እንዲሁ አደረጋቸው። ከዚያ ዋናዋ ፕሮግራመር ዘንድ ይዞ ሄደ።

ዋናዋ ፕሮግራመር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ፣ ለሰው ሁሉ ሦስት ቃል መድባ የምትናገር ሴት ናት። ወረቀቶቹን አገላበጠች። «ጥሩ ነው» አለች። «ከ‹እገዛ› ቁልፍ ኋላ ይገባል።»

«እንደ ድሮው?»

«እንደ ድሮው። ይጫናሉ፣ መስኮት ይከፈታል፣ ያነባሉ።» ያን ቀን ብዙ ቃል አወጣች።

እሱም ተደስቶ ሄደ። ቃሉ ሰው የሚገባው ከሆነ ሌላው ምን ቸገረው!

እሑድ ከሰዓት ሚስቱ፣ «የእማዬ ቁም ሣጥን በር ተንጋዶ አልዘጋ ብሏታል፤ ሂድና እየው» ብላ ላከችው። የአማቱ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። መፍቻውን ይዞ ሲደርስ ከውስጥ የኪቦርድ ድምፅ ይሰማል። በአሥሩም ጣት፣ ያለ እረፍት፣ የሚንደቀደቅ ዓይነት። አማቱ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ በእጃቸው የጻፉትን የሕይወት ታሪክ እየተየቡላቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ኮምፒውተሩን ገዝቶ ፕሮግራሙን የጫነላቸው ራሱ ቀስበሉ ነበር። ጭኖላቸው ሄደ፤ እንዴት ሆነልዎት ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ እሳቸውም አንድ ቀን ደውለው አያውቁም።

በሩን ከፍቶ ሲገባ ያየውን ማመን አቃተው። አማቱ አንድ ገጽ ሳይተነፍሱ ይተይቡና ድንገት ቀጥ ይላሉ። ከጠረጴዛው ላይ ትልቅ ማጉሊያ መነጽር ያነሳሉ። ግንባራቸውን ስክሪኑ ላይ ሊደፉት ምንም አይቀራቸውም፤ የጻፉትን በማጉሊያው ፊደል በፊደል እየለቀሙ ያነባሉ። ከዚያ ማጉሊያውን አስቀምጠው እንደገና መተየብ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ሰላምታውን እንኳ ሳያስቀድም።

«እያረምኩ ነዋ።»

«በማጉሊያ?»

«ፊደሉ ትንሽ ነው። ምን ላድርገው?»

«እማማ፣ ይተልቃል እኮ! ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሠሩት? ለምን አልነገሩኝም?»

አማቱ ወንበራቸው ላይ ዞር አሉ። «ምን ብዬ ልንገርህ? የድሮው ታይፕራይተሬ አንድ ፊደል ነበረው፣ ሠላሳ ዓመት ሠራሁበት። ይኼም የራሱ ፊደል አለው፣ ትንሽ ሆነ። ዓይኔ ደከመ እንጂ ማሽኑ ምን አጠፋ?»

«እዚህ ጋ ‹እገዛ› የሚል አለ። ተጭነውት አያውቁም?»

«አይቼዋለሁ።»

«እና?»

«እኔ ምን ሆኜ ነው እገዛ የምጠይቀው?» አሉ አማቱ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ልክ «ዝናብ ሳይኖር ለምን ጃንጥላ እይዛለሁ» እንደሚል ሰው ነበር ያሉት።

ቀስበሉ መፍቻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ቦርሳው ውስጥ በላፕቶፑ ላይ አዲሱ እትም፣ እሱ የጻፋቸው ገጾችም ጭምር፣ ተጭነው ነበር። አውጥቶ ፊታቸው አደረገው። «እስቲ ፊደሉን ያተልቁት። እኔ ከኋላ ሆኜ ዝም ብዬ ነው የማየው» አለና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

አማቱ የማስተካከያውን ገጽ በሁለት ደቂቃ አገኙት። ገብተው ከላይ እስከ ታች ወረዱ። ያ ቀስበሉ ሦስት ሳምንት የደከመበት ጽሑፍ ያለው ከላይ በቀኝ ጥግ፣ ከ«እገዛ» ኋላ ነው። ዓይናቸው በዚያ በኩል አንድም ጊዜ አላለፈም። አንዴ ማውዛቸው ስቷቸው ተጫኑት፤ ትልቅ መስኮት ተከፈተና የሚያዩትን ነገር በሙሉ ሸፈነባቸው። «ምንድነው ደግሞ ይኼ፣ ዞር በል» ብለው ዘጉት። ከዚያ ስለ ቀለም የሚል ነገር አገኙ። አንድ ነኩ፣ ሌላ ነኩ። ፊደሉም ነጭ፣ ወረቀቱም ነጭ ሆነ። የዳኛው ታሪክ፣ ሙከራ ብለው የተየቡት ግማሽ ገጽ፣ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

ቀስበሉ ያችን ጸጥታ ያውቃታል። ስድስት ዓመት በስልክ ሰምቷታል፤ ደንበኛው «አሁን ምን ሆነ?» ሲባል የምትመጣው ጸጥታ ናት። በስልክ ግን ፊት አይታይም። አሁን አየ። እኒያ ዳኛውን የሚቀድሙት ሴት፣ ወገባቸው የማይጎብጠው፣ ትከሻቸው ወረደ። እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አጣመሩት።

«ሰበርኩት» አሉ ቀስ ብለው።

«አልሰበሩትም! ይኸው፣ ይኸው» ብሎ ተንደርድሮ መለሰላቸው። የጻፉት ሁሉ ወጣ። እሳቸው ግን ላፕቶፑን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

«በቃ፣ ዛሬ ይበቃል። የሣጥኑን በር እየው» አሉት።

በሩን ሲያስተካክል እጁ ይሥራ እንጂ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ፣ «በሩ ተዘጋ?» ብትለው «ሁሉንም ነገር እንደገና ነው የምሠራው» ብሎ መለሰላት። እሷም ስለ ሣጥኑ መስሏት፣ «ኧረ ሌላ ሣጥን ይገዛላታል» አለች።

ሰኞ ጠዋት ገና ኮቱን ሳያወልቅ ዋናዋ ፕሮግራመር ፊት ቆመ።

«‹እገዛ› የሚለው ቁልፍ አይሆንም» አለ።

«አምስት ሳምንት ቀረን» አለች። ሦስት ቃል።

«ስሚኝ ብቻ። ሰው እገዛ ብሎ የሚጫነው ተሸንፌአለሁ ካለ በኋላ ነው። ያኔ ወይ ይደውላል ወይ ይተዋል። አብዛኛው ይተዋል። ደግሞ የተጫነም እንደሆነ፣ መስኮቱ የጠየቀውን ነገር ይሸፍንበታል። አንብቦ ይዘጋል፣ ሲዘጋ ያነበበውን ይረሳል፣ እንደገና ይከፍታል። ማብራሪያው ሳይጠሩት ከማስተካከያው ጎን መሆን አለበት። ሰውየው ማውዙን ሲያሳርፍበት በቀኝ በኩል ምን እንደሆነ ይነገረው። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ወረቀት ትኑር፤ ቢቀይረው ምን እንደሚመስል እዚያች ላይ አስቀድሞ ይየው። እውነተኛው ጽሑፉ ሳይነካ። ከታች ደግሞ በሁሉም ገጽ ላይ አንድ ቦታ፣ ‹እንደነበረ መልስልኝ› የሚል ቁልፍ።»

«ቦታ የለም። ቀኙ ባዶ የተተወው ለዓይን እረፍት ነው።»

«ለዓይን እረፍት? አማቴ በማጉሊያ ነው የምታነበው!» አለ፤ በንዴቱ ‹የሚያነቡት› ማለትን ረስቶ።

ፕሮግራመሯ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችው። ቀስበሉ ይሄኔ ነው ሦስቱን ደብተር ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ የደረደራቸው። «ይህንን ደግሞ በማስተካከያ መፈለጊያው ውስጥ አስገቢልኝ። ሰው ‹የፊደል መጠን› ብሎ አይፈልግም። እንዲህ ብሎ ነው የሚፈልገው።»

አንዱን ደብተር መሃል ላይ ገለጠችው። አነበበች። ገጽ ገለበጠች። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ፣ ስትስቅ አይቷት የሚያውቅ ሰው በሌለበት በዚያ ቢሮ፣ ዋናዋ ፕሮግራመር እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «‹ሌላ ሰው የጻፈው መሰለ›! ‹ጉንዳን ሆነብኝ›!» እያለች ጮክ ብላ ለሌሎቹ አነበበችላቸው። ፕሮግራመሮቹ ወንበራቸውን እየገፉ መጡ። አንዱ፣ «ቆይ፣ ‹መስመሩ ሄደ ሄደና ጠፋ› ያለው ሰው እኮ ልክ ነው፤ እኔም ገብቶኝ አያውቅም ነበር» አለ። ደብተሮቹ እስከ ምሳ ሰዓት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ዋሉ።

ከምሳ በኋላ ፕሮግራመሯ ጠረጴዛው ድረስ መጣች። «ቀኙን ወስደሃል» አለችው። «‹ጉንዳን› ተብሎ ሲፈለግ የፊደል መጠን ይመጣል። ራሴ ነኝ የማስገባው፤ ማንም እንዳይነካብኝ።»

ሥራው ያኔ ጣመ። ፕሮግራመሯ ትንሿን ወረቀት ሠራች፤ ማውዙ በነካው ቁጥር ወረቀቷ ላይ ያለው ጽሑፍ ያድጋል፣ ይቀንሳል፣ ቀለም ይለውጣል። ቀስበሉ ደግሞ ማብራሪያዎቹን ከጎን እንዲበቁ አድርጎ ያሳጥራል። አንድ ነገር ብቻ ቀረው። አማቱን እንዴት አድርጎ መልሶ ከላፕቶፑ ፊት ያስቀምጣቸው? «ልፈትንዎት» ቢል እሺ አይሉም። «ላስተምርዎት» ቢልማ የባሰ ነው። ሦስት ቀን አሰበበት። ከዚያ ማብራሪያዎቹን በወረቀት አትሞ ይዞላቸው ሄደ።

«እማማ፣ እርማት ፈልጌ ነው» አላቸው። «ስህተት ሳይገኝበት መውጣት አለበት። እንደ እርስዎ የሚያርም ደግሞ አላውቅም።»

አማቱ ወረቀቱን ተቀበሉ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ። ተነስተው ከመሳቢያ ቀይ እርሳስ አወጡ፤ ቀረጹት። ቀስበሉ እርሳስ ሲቀረጽ ይህን ያህል ፈርቶ አያውቅም።

«‹እንዲቀየር ይደረጋል› ይላል። ማነው የሚያደርገው?»

«ሰውየው... ተጠቃሚው።»

«እንግዲያው ‹ይቀይሩታል› በል። ፍርድ ቤት እንኳ ተከሳሹን በስሙ ይጠራዋል፤ አንተ ሰውየውን ደብቀኸዋል።» ሰረዙ። «ይኼኛው ደግሞ አንዱን ነገር ሁለቴ ይላል። ይኼ ቃል ረዝሟል። ይኼ ጥሩ ነው።» «ጥሩ ነው» ካሉት ጎን ትንሽ ምልክት አደረጉ። ቀስበሉ በዚያች ምልክት የተሸለመ ያህል ተሰማው።

አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ እርሳሱ ቆመ። «ይኼ እውነት ነው?» አሉ።

ስለ አጭር ጽሑፍ የሚያወራው ማስተካከያ ነበር። ሰው ሁለት ፊደል ሲመታ ፕሮግራሙ ሙሉውን ሐረግ እንዲጽፍለት ማድረግ ይችላል።

«እውነት ነው።»

«‹ክፍ› ብዬ ብመታ ‹ከፍተኛ ፍርድ ቤት› ብሎ ይጽፍልኛል?»

«ብለው ይዩት» አለና ላፕቶፑን ከፈተላቸው።

አላስተማራቸውም። በቀኝ በኩል ያለውን ራሳቸው አነበቡ፤ ከታች ባለችው ትንሽ ወረቀት ላይ ሞከሩት፤ ትንሿ ወረቀት ላይ «ከፍተኛ ፍርድ ቤት» የሚለው ሙሉ ሆኖ ዱብ ሲል «እሰይ!» ብለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ሠላሳ አራት ዓመት! ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኩት ታውቃለህ?» ከዚያ ወዲያ የሚያቆማቸው አልተገኘም። «ክቡራን ዳኞች» ሁለት ፊደል ሆነ። የዳኛው ሙሉ ስም ከነማዕረጉ ሁለት ፊደል ሆነ። ፊደሉን አተለቁት፤ በጣም ተለቀ፤ መለሱት። ወረቀቱን ፈዛዛ አረንጓዴ አደረጉት፣ ለዓይናቸው ሰላም ሆነ። ሆን ብለው ነጭ በነጭ አደረጉት፤ ሁሉ ነገር ሲጠፋ «እንደነበረ መልስልኝ» የሚለውን ተጫኑ፤ ሲመለስ ሳቁ። እንደገና አጠፉት። እንደገና መለሱት። አብራው መጥታ ጓዳ ገብታ የነበረችው ሚስቱ ሳቁን ሰምታ እጇን እያደረቀች ወጣችና በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እናቷና ባሏ አብረው ሲስቁ አይታ አታውቅም ነበር።

«ልጄ» አሉ አማቱ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ፣ «ይኼ ነው እንግዲህ ሥራህ?»

«ይኼ ነው።»

«ጥሩ ሥራ ነው» አሉ፤ ወደ እርማታቸው ተመለሱ።

ሥራው ለሁሉም የሚታይበት ቀን ሐሙስ ጠዋት ነበር። ቀስበሉ አማቱ እንዲገኙ ሥራ አስኪያጁን አስፈቀደ። ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው መጡ። ሰው ሁሉ ሳያስበው ብድግ አለ። ዋናዋ ፕሮግራመር ወንበሯን ለቀቀችላቸው። እሳቸው ወንበሩ ዝቅ ብሏል ብለው ከፍ አስደረጉትና ተቀመጡ።

ሥራ አስኪያጁ፣ «እስቲ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ቦታ ያስፉልን» አላቸው። አሰፉ። «አሁን ደግሞ ቀኑን ራሱ እንዲጽፍ ያድርጉት።» አደረጉ። «ከፈለጉ ያበላሹት» አላቸው እየሳቀ። አበላሹት፤ መለሱት። አንድም ጊዜ ዞር ብለው ቀስበሉን አላዩም። ሥራ አስኪያጁ ደስታው ፊቱ ላይ ያበራ ጀመር።

«እንግዲህ የሆነ ነገር ይጻፉልን፣ በሚወዱት መልክ» አላቸው መጨረሻ ላይ።

አማቱ ጣቶቻቸውን አፍታቱ። ከዚያ ጀመሩ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ በኪቦርድ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ነገር ግን አይተው አያውቁም። ቁልፎቹ ተለያይተው አይሰሙም፤ አንድ ወጥ ድምፅ ሆኑ። ግማሽ ገጽ ሲሞላ አማቱ ድንገት ቆሙ።

«ማሽናችሁ ፊደል በላብኝ» አሉ።

ቀስበሉ ፈጥኖ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። በዚህ ሰዓት! አጎንብሶ አየ። እውነትም ሦስተኛው መስመር ላይ «ይግባኝ» የሚለው «ይባኝ» ሆኗል፤ ዝቅ ብሎም ሌላ ፊደል ጎድሏል።

ሥራ አስኪያጁ፣ «ምናልባት በፍጥነቱ ጣትዎ...» ብሎ ጀመረ።

«የእኔ ጣት?» አሉ አማቱ። ሥራ አስኪያጁ አልጨረሰውም።

ከኋላ ግን አንድ ጩኸት ተሰማ። ዋናዋ ፕሮግራመር ናት። «አገኘነው!» አለች። ሰው ገፍታ መጣች። «እማማ፣ በናትዎ፣ ይድገሙት! እንደዚያው በፍጥነት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ጥቂት ደንበኞች «ፕሮግራሙ ፊደል ይበላል» እያሉ ያመለክቱ ነበር። ፕሮግራመሮቹ ቢሞክሩ ቢሞክሩ አልመጣ አላቸው። ምክንያቱም አንዳቸውም ያን ያህል ፈጥነው መተየብ አይችሉም። ስህተቱ የሚታየው ፕሮግራሙ ራሱ ሴቭ በሚያደርግባት ቅጽበት፣ በጣም ፈጣን እጅ ሲቀድመው ብቻ ነው። አማቱ ደገሙት፤ ፊደል ጎደለ። ደገሙት፤ ጎደለ። ሦስት ፕሮግራመሮች ትከሻቸው ላይ ተደርበው ቁጥር ይጽፋሉ፣ ይጯጯሃሉ፣ «አሁን! አሁን ጎደለ!» ይላሉ። አማቱ በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ልክ ችሎት ላይ እንዳሉ፣ ይተይባሉ። ፕሮግራመሯ በደስታ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

«በሉ አሁን አስተካክሉት» አሉ አማቱ ቦርሳቸውን እያነሱ። «እኔ የዳኛው ሥራ ይጠብቀኛል። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ነኝ።»

ከክፍሉ ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሊፍቱን ጠርቶ ሸኛቸው። መንገድ ላይ በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጡ እንዲፈትኑላቸው ሲለምናቸው፣ አማቱ ከመቼውም ይልቅ ቀስ ብለው፣ «ወንበሩን ከፍ እንዳለ ተዉልኝ፤ እኔ ስሠራ ደግሞ ከኋላዬ የሚያወራ አይኑር» አሉት። «እሺ» አለ፤ ሁለት ጊዜ።

ስህተቱ በአምስት ቀን ተስተካከለ። አዲሱ እትም በተባለለት ቀን ወጣ። ከወጣ በኋላ ባለው ሰኞ፣ ከሰዓት ላይ፣ የስልክ ክፍሉ ባልደረቦች ቀስበሉን ጠሩት። ሲገባ አምስቱም እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

«ምን አደረግከን?» አለው አንዱ። «ጠዋት ስልኩ ተበላሸ ብለን ቴክኒሻን አስጠራን እኮ! ቴክኒሻኑ ምንም ብልሽት አላገኘበትም። ስለ ማስተካከያ የደወለ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ምን ብሎ?»

«አንዲት ሴትዮ ናቸው። ‹ችግር የለብኝም፣ ጉንዳን ብዬ ብፈልግ አመጣልኝ፣ ይህንን የጻፈው ማነው ልመርቀው› ብለው ነው። አምስት ደቂቃ መረቁህ፤ እኛ ‹አሜን› እያልን ተቀበልንልህ።»

ቀስበሉ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

ወሬው በአማቱ በኩል ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። ከድሮ የሥራ ጓደኞቻቸው ለአንዷ ደውለው ስለ «ከፍተኛ ፍርድ ቤት» ነገሯት። እሷ ለሌላዋ ነገረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት አራት ጡረታ የወጡ ታይፒስቶች፣ እያንዳንዳቸው ላፕቶፕ በብብታቸው ይዘው፣ የአማቱ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ቀስበሉ ለመርዳት ተጠርቶ መጣ፤ የሚረዳው ግን አላገኘም። አንዷ ወረቀቴ ሰማያዊ ይሁን ትላለች፤ ሌላዋ ሰማያዊ ዓይን ያጠፋል፣ አረንጓዴ ነው እንጂ ትላለች፤ ሦስተኛዋ ሁለቱንም በትንሿ ወረቀት ላይ እያገላበጠች ትዳኛቸዋለች። አራተኛዋ በልጅነቷ ያወጡላትን ቅጽል ስም ሁለት ፊደል አድርጋ አስገብታ፣ በመታችው ቁጥር ብቻዋን ትስቃለች።

«ልጄ» አሉት አማቱ ከጫጫታው በላይ፣ «ሶኬት አነሰን። ማራዘሚያ ገመድ ይዘህልን ና።»

ቀስበሉ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ሄዶ ባለ አምስት ሶኬት ገመድ ገዛ። ሲመለስ የጎረቤቱ ሰውዬ አጥር ላይ ተደግፎ ጆሮውን አቅንቶ ቆሟል። ከመስኮቱ የአምስት ኪቦርድ ድምፅ፣ በመካከሉም የሴቶች ሳቅ ይወጣል።

«ምንድነው የተከፈተው፣ ፋብሪካ ነው?» አለው ጎረቤቱ።

«አማቴ ናቸው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር» አለ ቀስበሉ፤ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በሩን በክርኑ እየገፋ ገባ።